በጎንደር ላይ ሳይመዘገቡ ያለፉ የሰማይ ጭጋጎች

«ሌሊት ሌሊት ኮከብ እናያለን» ስንል ከእናንተ መካከል አንዳንዱ «እስቲ የኔንም ቁጠሩልኝ» ማለቱ አልቀረም። ዐውደ ነገሥት ገልጦ፣ የሰውየውን ስምና የእናቱን ስም ደምሮ፣ በዐሥራ ሁለት ገድፎ «ኮከብህ አሰድ ነው፣ ሰኞ መንገድ አትውጣ» የሚለውን ሙያ እኛ አናውቀውም። የእኛ ነገር ሌላ ነው። እኛ የምናየው በትንሽ ቴሌስኮፕ ነው፤ የምንፈልገውም ከሩቁ ይልቅ የራቀውን፣ ከራቀውም ውስጥ ደብዛዛውን ነው። በዚህ መጽሔት ልንጽፍ የተነሣነው ግን ስለ ራሳችን ብቻ አይደለም፤ ስለ አንድ የታሪክ ጉዳይ ነው። ይኸውም የዛሬ ሁለት መቶ ኀምሳ ዓመት ገደማ፣ ጥሩ ቴሌስኮፕ እዚሁ ጎንደር ላይ ቆሞ ሳለ፣ በፓሪስ ተፈልጎ የጠፋ ነገር በከተማችን ሰማይ ላይ ወጥቶ ሲገባ፣ በሰማይ መዝገብ ላይ የጎንደር ስም ሳይገባ ስለመቅረቱ ነው።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንናገር። ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ሰማዩን በትንሽ ቴሌስኮፕ ሲያስሱት፣ አብዛኛው ነገር ነጥብ ነጥብ ነው። አልፎ አልፎ ግን ነጥብ ያልሆነ ይመጣል፤ መስተዋት ላይ እንደ ወደቀ ትንፋሽ ያለ፣ ክብ፣ ዳር ዳሩ የሳሳ ጭጋግ። አንዳንዱን ጠጋ አድርገው በትልቅ ማጉያ ሲያዩት ጭጋግነቱ ይቀርና ነጭ ጤፍ በሰፌድ መሐል ተከምሮ ወደ ዳር እየሳሳ እንደሄደ ይመስላል። እያንዳንዷ የጤፍ ፍሬ ኮከብ ናት። በአንዱ ክምር ውስጥ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ፣ በትልልቆቹ ውስጥ ደግሞ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ከዋክብት አሉ። ሊቃውንቱ ክብ የከዋክብት ክምችት ይሏቸዋል፤ እኛም እንዲያው ክምችት እያልን እንቀጥላለን። ፀሐያችን ባለችበት በፍኖተ ሐሊብ ዙሪያ እስካሁን የታወቁት አንድ መቶ ኀምሳ ያህል ናቸው። ዕድሜያቸው ዐሥራ ሁለት ቢሊዮን ዓመት ገደማ ስለሆነ፣ ፀሐያችን ከነሱ ጋር ስትነጻጸር የትናንት ልጅ ናት።

ወደ ታሪኩ እንግባ። ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ ጎንደር የገባው በየካቲት 1762 ዓ.ም. ነበር፤ እ.ኤ.አ. 1770 መሆኑ ነው። ንጉሡ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት ዳግማዊ ነበሩ፣ ሥልጣኑ ግን በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ ነበር። ብሩስ በቁስቋም በእቴጌ ምንትዋብ ቤት በፈንጣጣ የታመሙትን ልጆች ማከሙን፣ በዚያም መወደዱን፣ ኋላም ወደ ግሽ ዓባይ መሄዱን ብዙዎቻችን ከአባቶቻችን ሰምተናል። ብዙ የማይወራው ስለ ዕቃው ነው። ሰውዬው የመጀመሪያ መሣሪያዎቹን በሰሜን አፍሪካ ጠረፍ መርከብ ተሰብሮበት አጥቶ ነበርና፣ ከፈረንሳዩ ንጉሥ ከሉዊ 15ኛ ዘንድ ኳድራንት ተላከለት። ኳድራንት የሩብ ክብ ቅርጽ ያለው፣ የፀሐይንና የኮከብን ከፍታ በዲግሪ የሚለካ መሣሪያ ነው፤ የብሩስ ኳድራንት ከመሐሉ እስከ ጠርዙ ሦስት ጫማ ነበር። ከሱ ጋር ሁለት ቴሌስኮፖች ነበሩት። ይህን ሁሉ ከምጽዋ ተነሥቶ የጣራንታን ዳገት በሰው ትከሻ አስወጥቶ ነው ጎንደር ያደረሰው። የዛሬ ሰው ከአዘዞ ፒያሳ ሻንጣ ለማስመጣት ስንት ጊዜ እንደሚያማርር እያየን፣ ይኼንን እናደንቃለን።

በነዚያ መሣሪያዎች ምን ይሠራ ነበር? ጎንደር የት እንደሆነች ይለካ ነበር። ኬክሮሱ ቀላል ነው፤ ፀሐይና ከዋክብት በትክክል በሰሜንና በደቡብ መስመር ላይ ሲያልፉ ከፍታቸውን መለካት ይበቃል። አስቸጋሪው ኬንትሮሱ ነው። ለዚያ የሁለት ቦታ ሰዓት ማወዳደር ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ቴሌግራፍ በሌለበት ዘመን ጎንደር ላይ ተቁሞ የእንግሊዝ አገርን ሰዓት ማን ይነግራል? የሚነግረው ጁፒተር ነበር። ጁፒተር የሚዞሩት ጨረቃዎች አሉት፤ የመጀመሪያው በአንድ ቀን ከዐሥራ ስምንት ሰዓት ውስጥ አንድ ጊዜ ይዞረውና በጥላው ውስጥ ገብቶ ይጠፋል፣ ተመልሶም ይወጣል። የሚጠፋበት ሰዓት በግሪንዊች ሰዓት አስቀድሞ ተሰልቶ ታትሞ ነበር። ተመልካቹ ጎንደር ላይ ሆኖ ጨረቃዋ ስትጠፋ የራሱን ሰዓት ይይዛል፤ ከታተመው ጋር ያለው ልዩነት በእያንዳንዱ ሰዓት ዐሥራ አምስት ዲግሪ ነው። ብሩስ ብዙ ሌሊት እንዲህ አድርጎ ጎንደርን 12 ዲግሪ ከ34 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ሰሜን፣ 37 ዲግሪ ከ33 ደቂቃ ምሥራቅ ብሎ ጻፈ። በሰዓት ሲመነዘር ከግሪንዊች 2 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ መቅደም ነው። ዛሬ ፋሲል ግቢ ቆመን የእጅ ስልካችንን ብንጠይቅ 12 ዲግሪ ከ36 ደቂቃና 37 ዲግሪ ከ28 ደቂቃ ገደማ ይለናል። ልዩነቱ ዐሥር ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ከፒያሳ ተነሥቶ አዘዞ አያደርስም። ብሩስ አገሩ ሲመለስ ያወራውን የሚያምነው ሰው አጥቶ መሳቂያ ሆኖ ነበር፤ መጽሐፉንም በአምስት ቅጽ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1790 ነው። በሌላው ወሬው ላይ ማከራከር ይቻላል፤ ቁጥሮቹ ግን ሰውዬው እዚህ ቆሞ ሰማይ ማየቱን ራሳቸው ይመሰክሩለታል።

አሁን ጎንደርን ለጊዜው እንተውና ብሩስ እዚህ ሳለ በፓሪስ የሚደረገውን እንይ። እዚያ ሻርል ሜሲዬ የሚባል ጅራታም ኮከብ አዳኝ ነበር። ጅራታም ኮከብ ከሩቅ ሲመጣ ገና ጅራት የለውም፤ ክብ ጭጋግ መስሎ ይታያል። ታዲያ ሜሲዬ ሌሊቱን ሙሉ ሲፈልግ አድሮ «አገኘሁ!» ሲል፣ ያገኘው ከቦታው የማይንቀሳቀስ የዘላለም ጭጋግ ይሆንበታል። ቢመረው እነዚያን አታላይ ጭጋጎች በተራ ቁጥር መዘገባቸው፤ ዳግመኛ እንዳያሞኙት። የዕድራችን ጸሐፊ መዋጮ ያልከፈለውን ለብቻው በቀይ እስክሪብቶ እንደሚጽፈው ማለት ነው። አርባ አምስት ጭጋጎች ያሉበትን የመጀመሪያ መዝገቡን ለፓሪስ ሊቃውንት ጉባኤ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1771 ነው፤ በእኛ በየካቲት 1763 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ብሩስ በዚያን ጊዜ እዚሁ አገራችን ውስጥ ነበር፤ ከጎንደር ለመመለስ የተነሣው በዚያው በአውሮፓውያን ዓመት ማለቂያ ላይ ነው። ዛሬ የዓለም ኮከብ ተመልካች ሁሉ «ኤም 13»፣ «ኤም 22» እያለ የሚጠራቸው የሜሲዬ ስም መጀመሪያ ፊደል ተይዞ ነው።

ሜሲዬ ግን አንድ ያስቸገረው ነገር ነበር። ላካይ የሚባል የአገሩ ሰው ከሱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1751 እና በ1752፣ ከአፍሪካ ደቡብ ጫፍ ከኬፕ ሆኖ ሰማዩን መዝግቦ ነበር። የላካይ መነጽር ሌንሷ ከአንድ ጣት ስፋት የማትበልጥ፣ ስምንት እጥፍ ብቻ የምታጎላ ነበረች። በዚያች መነጽር ዐሥር ሺህ የሚጠጉ ከዋክብትንና አርባ ሁለት ጭጋጎችን ጽፎ ተመለሰ። ከነዚያ አንዱን ሜሲዬ ከፓሪስ እ.ኤ.አ. በ1764 ቢፈልግ ቢፈልግ አጣው። እንደገና ፈልጎ ያገኘው ከዐሥራ አራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1778 ነው። ዛሬ ኤም 55 ይባላል። ማጣቱ ከስንፍና አልነበረም። ፓሪስ ወደ ሰሜን ርቃ ስለምትገኝ ይህ ክምችት እዚያ በጣም ከፍ ባለበት ሰዓት እንኳን ከአድማሱ በላይ ዐሥር ዲግሪ ብቻ ነው የሚወጣው፤ ከጭስና ከጤዛ ጋር ተደባልቆ ያልፋል። በጎንደር ላይስ? አርባ ስድስት ዲግሪ። ከአድማስና ከአናታችን እኩሌታ ላይ ማለት ነው።

እንግዲህ የምንለው እዚህ ላይ ነው። ብሩስ ጎንደር በተቀመጠባቸው ሌሊቶች፣ ሜሲዬ አጥቶ የተወው ኤም 55 ዝናቡ ካባራ በኋላ ምሽት ምሽት በቁስቋም ሰማይ ላይ በሰፊው ይታይ ነበር። የጁፒተርን ጨረቃ መጥፋት በሰከንድ ለመያዝ የሚበቃ ቴሌስኮፕ፣ ላካይ በጣት በምታክል መነጽር ያየውን ለማየት አያቅተውም። ከዚያም አልፎ ኦሜጋ ሴንታውሪ የሚባለው፣ ከክምችቶች ሁሉ ትልቁ፣ በዓይን ብቻ እንኳን እንደ ደብዛዛ ኮከብ የሚታየው፣ ከፓሪስ ጨርሶ አይወጣም። በእኛ ደቡብ ግን ሠላሳ ዲግሪ ይወጣል። በአንድ ሌሊት ሰሜን ዞሮ የፓሪስን ክምችቶች፣ ደቡብ ዞሮ የኬፕን ክምችቶች ማየት የሚቻልበት አገር ብዙ አይደለም፤ ጎንደር ከነዚያ አንዷ ናት።

«ታዲያ ብሩስ ለምን ሙሉ መዝገብ አላወጣም?» ብሎ መውቀስ ቀላል ነው። እኛ አንወቅሰውም። ሰውዬው የመጣው መንገድ ፍለጋ ነው፤ ሰማዩን የጠየቀው «የት ነኝ?» ብሎ ነው፣ ሰማዩም የተጠየቀውን መለሰለት። በጥቅምት 1763 ዓ.ም. ግሽ ዓባይ ሲደርስም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ የምንጩን ኬክሮስና ኬንትሮስ ለካ። ከሱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ የመጣው ጀርመናዊው ሩፔል፣ ቀጥሎም እ.ኤ.አ. ከ1838 ጀምሮ ዐሥር ዓመት የተመላለሰው ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ እንደዚሁ ናቸው። ዳባዲ የሰሜን ተራሮችን ቦታና ከፍታ በመለካት ታላቅ ሥራ ሠርቷል፤ ውጤቱን «የኢትዮጵያ ጂኦዴዚ» ብሎ በፓሪስ አሳትሟል። አገሩ ተመልሶ በአንዳይ ባሠራው ቤተ መንግሥት ውስጥ የኮከብ መመልከቻ አቁሞ፣ ሲሞት ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አውርሶታል። በዚያ ቤት ግድግዳ ላይ የእኛ ፊደል ተጽፎ ይገኛል። እዚህ ሳለ ግን ከዋክብቱ ለሱም የመሬት መለኪያ ካስማ ነበሩ።

ሊቃውንቶቻችንስ? ሰማይ አያውቁም ነበር ማለት ነውር ነው። ብሩስ ይዟቸው ከሄደው መካከል ዋናው ሦስት ቅጂ መጽሐፈ ሔኖክ ነበር፤ አንዱን ለዚያው ኳድራንት ለላከለት ለፈረንሳይ ንጉሥ ሰጠው፣ አንዱ ኦክስፎርድ ገባ። አውሮፓ ሙሉውን መጽሐፍ ያገኘው ያን ጊዜ ነው። ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ያለውን ያነበበ ያውቃል፤ ፀሐይ በምሥራቅ በስድስት ደጆች እንደምትወጣ፣ በምዕራብ በስድስት ደጆች እንደምትገባ፣ ዓመቱ 364 ቀን እንደሆነ በዝርዝር የተጻፈበት ነው። ባሕረ ሐሳብን ደግሞ የማያውቅ ደብተራ አልነበረም፤ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ዙር የጨረቃን አካሄድ ይዞ፣ አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው ሠላሳ እየሆኑ፣ ጾሙንና በዓሉን ያወጣል። የነሱ ጥያቄ «መቼ ነው?» የሚል ነበር። የእንግዶቹ «የት ነው?» የሚል ነበር። ለሁለቱም ጥያቄ ያ ደብዛዛ ጭጋግ አይጠቅምም። እንዲያውም ሜሲዬ ራሱ የመዘገባቸው ስለጠቀሙት ሳይሆን ስላስቸገሩት ነው፤ ስለ ኤም 13 ሲጽፍ «ኮከብ የሌለበት ጭጋግ» ነው ያለው። እንግዲህ መዝጋቢውም ምን እንደመዘገበ አላወቀም ነበር።

ያወቁት ኋላ ነው። ዊልያም ኸርሽል ትልልቅ መስተዋት ያላቸውን ቴሌስኮፖች በእጁ ሠርቶ ሲያይ ጭጋጉ ወደ ከዋክብት ተበተነለት፤ በኤም 13 ውስጥ ብቻ ዐሥራ አራት ሺህ ከዋክብት ገመተ፣ ክብ ክምችት የሚለውንም ስም እ.ኤ.አ. በ1789 ያወጣው እሱ ነው። ከዚያ አሜሪካዊው ሐርሎ ሻፕሊ መጣ። እሱ ያስተዋለው ነገር ቀላል ነው፦ ክምችቶቹ በሰማዩ ላይ እኩል አልተበተኑም፤ ከሦስቱ አንዱ ያህል እኛ ቀውስ በምንለው ኮከብ አቅጣጫ ታጭቋል። ለቅሶ ቤት የመጣ እንግዳ ድንኳኑ የት እንደተተከለ ባያውቅ፣ ሰው ወደሚበዛበት አቅጣጫ አይቶ ያውቃል አይደል? ሻፕሊም እንዲሁ አሰበ። ክምችቶቹ የሚሰበሰቡት በፍኖተ ሐሊብ መሐል ዙሪያ ከሆነ፣ መሐሉ ወደ ቀውስ ነው፤ ፀሐይም መሐል ላይ አይደለችም፣ ዳር ናት። ይህን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1918 ነው። ርቀቱን አብዝቶ ገምቶት ነበር፣ ዛሬ ሃያ ስድስት ሺህ የብርሃን ዓመት ያህል መሆኑ ታውቋል፤ አቅጣጫው ግን ትክክል ነበር። ሰው የት እንደሚኖር የነገሩት፣ ሁሉም እንደ እንቅፋት ያያቸው እነዚያ ጭጋጎች ሆኑ። እንግዲህ «የት ነኝ?» ለሚለው ጥያቄ ከጁፒተር ጨረቃዎች የበለጠ መልስ በቁስቋም ሰማይ ላይ ነበረ ማለት ነው።

ቀውስ በጎንደር ሰማይ ላይ ምን ያህል እንደሚያምር ለማየት ከመስቀል በኋላ ባለው ሳምንት፣ ጨረቃ በሌለችበት ቀን፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ወደ ደቡብ መመልከት ነው። ዝናቡ ሰማዩን አጥቦት ይገኛል። ኤም 22 እዚያ ሃምሳ ሦስት ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል፤ ከፓሪስ ዐሥራ ሰባት ብቻ ነው። ኤም 55 ከሱ በስተምሥራቅ ነው።

የኛ ቴሌስኮፕ ከውጭ አገር በዘመድ የመጣች፣ የመስተዋቷ ስፋት 114 ሚሊ ሜትር የሆነች ናት። ትንሽ ናት ተብላ እንዳትናቅ፤ ሜሲዬ ብዙ ጊዜ የሚሠራበት መነጽር ሌንሱ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ገደማ ነበር። ከሰው ዓይን ብሌን ጋር ስትነጻጸር ከሁለት መቶ ኀምሳ እጥፍ በላይ ብርሃን ትሰበስባለች። ዋናው ችግር መሣሪያው ሳይሆን ዓይን ነው። ከመብራት የወጣ ዓይን ጨለማ ለመልመድ ግማሽ ሰዓት ይፈልጋል፤ በመሐሉ አንድ ሰው የስልኩን መብራት ቢያበራ ግማሽ ሰዓቱ እንደገና ይጀመራል። ስለዚህ የእጅ ባትሪያችንን በቀይ ፌስታል እንሸፍናለን። ሁለተኛው፣ ደብዛዛ ነገር ፊት ለፊት ሲያዩት ይጠፋል። የዓይናችን መሐል ለቀን ብርሃንና ለቀለም ነው የተሠራው፤ ለጨለማ የሚሻለው ዳሩ ነው። ስለዚህ አጠገቡን እያዩ እሱን ሰርቆ ማየት ነው። ይኼን ለወጣቶቹ ማስረዳት አላስቸገረንም፤ ሰርቆ ማየት ያውቁበታል። ሦስተኛው ብርድ ነው፣ ለእሱ ጋቢ አይበቃም፣ ቡሉኮ ያስፈልጋል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሲያልፍ ጤዛ መጥቶ መስተዋቱን ያጨልመዋል፣ ያን ጊዜ ዕቃ ሰብስቦ መግባት ነው።

አንድ ደንብ አውጥተናል። አንድ ሰው ብቻ ያየው አይመዘገብም። ሁለት ሰው ተራ በተራ አይቶ፣ ሳይነጋገር በየወረቀቱ ላይ ቦታውን ነጥቦ፣ ሁለቱ ወረቀት ሲገጥም ነው «ታየ» የምንለው። ዕድር ያለ ምስክር ገንዘብ እንደማይከፍል እኛም ያለ ምስክር ጭጋግ አንጽፍም።

በዚህ ደንብ ኤም 13፣ ኤም 22፣ ኤም 55 እና ኦሜጋ ሴንታውሪ ያለ ክርክር ገብተዋል። ክርክሩ በደብዛዞቹ ላይ ነው። አንታሬስ የምትባለው የአቅራብ ቀይ ኮከብ አጠገብ ኤም 4 የሚባል ግልጽ ክምችት አለ፤ ከኮከቧ ይበልጥ ተጠግቶ ግን ኤን ጂ ሲ 6144 የሚባል ትንሽ አለ። እሱን ለማየት አንታሬስን ከመነጽሩ ክብ ውጭ መግፋት ግድ ነው፣ አለበለዚያ ብርሃኗ ይውጠዋል። በሚያዝያ እኩለ ሌሊት ገደማ ከአናታችን በላይ የሚያልፈው ኤም 53 በአንዴ ይታያል፤ በአንድ ዲግሪ አጠገቡ ያለው ኤን ጂ ሲ 5053 ግን ከዋክብቱ የሳሱ፣ እንደ አሮጌ ነጠላ ያለ ነው። አንገታችን እስኪቆለመም አየነው። ሁለታችን አየን፣ ሦስተኛው «ምንም የለም» አለ፤ ወረቀቶቹም በደንብ አልገጠሙም። መዝገቡ ላይ «አጠራጣሪ» ተብሎ ገባ፣ እስካሁንም አጠራጣሪ ነው። ከሁሉም የራቀው ኤን ጂ ሲ 2419 ነው፤ ኸርሽል እ.ኤ.አ. በ1788 ያገኘው። ብርሃኑ ወደ እኛ ለመድረስ 280,000 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ይኼን ያገኘነው መንገዱ ደኅና በነበረበት ዘመን፣ በጥር ወር፣ ከደባርቅ በላይ ወደ ሳንቃበር ወጣ ብለን አድረን ነው። ጭጋግ እንኳን አይባልም። ሰማዩ በዚያች ቦታ ትንሽ ነጣ ያለ ይመስላል፣ ቴሌስኮፑን በጣት መታ ሲያደርጉት ከከዋክብቱ ጋር አብሮ ይንቀጠቀጣል፣ በዚያ ነው መኖሩ የሚታወቀው። ወረቀቶቹ ገጠሙ።

ይህን ብርሃን በአገራችን ነገር ስንለካው ይበልጥ ገባን። የኤም 13 ብርሃን ከተነሣ ከሃያ ሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ያ ዘመን የሰሜን ተራሮች አናት፣ ራስ ዳሽንም ጭምር፣ ግግር በረዶ የተሸከሙበት ዘመን ነው። የኦሜጋ ሴንታውሪ ደግሞ ዐሥራ ሰባት ሺህ ዓመት ገደማ ነው። ተመራማሪዎች ከጣና ሥር አውጥተው የመረመሩት ደለል እንደሚያሳየው ሐይቁ በዚያው ዘመን አካባቢ ደርቆ ነበር። ጣና ባዶ ሜዳ ሳለ የተነሣ ብርሃን ነው ዛሬ ዓይናችን ውስጥ የሚያርፈው። ወደዚያም የተላከ አለ፦ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1974 አሜሪካኖች ከአሬሲቦ ወደ ኤም 13 የሬዲዮ መልእክት ላኩ። በእኛ ኅዳር 1967 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ ያ ኅዳር በእኛ ቤት በሌላ ነገር ይታወሳል። መልእክቱ ከመንገዱ ገና ምኑም አልተነካ።

ስለ አገራችን ካነሣን፣ ዛሬ በእንጦጦ ላይ የአንድ ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች እ.ኤ.አ. በ2015 ተመርቀዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የሕዋ ሳይንስ ማኅበርም ለዚህ ብዙ ደክሟል። ደስ ይለናል። የእኛን ጭንቀት ግን አያቃልልም፤ ጭንቀታችን ጨለማው ነው። ጎንደር እየሰፋች፣ መብራቱም እየበዛ ነው። ለሰላሙም ለንግዱም መብራት ያስፈልጋል፣ አንቃወምም። ነገር ግን በየደጁ የሚሰቀለው ነጭ አምፖል አብዛኛው ወደ ሰማይ ነው የሚያበራው፤ ሌባውም በዚያ አይታይም። ክዳን ቢደረግለትና ወደ መሬት ቢያበራ ቤቱም ይጠበቃል፣ ሰማዩም ይተርፋል። እኛ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ደስ የሚለን የከተማው ብቸኛ ሰዎች ሳንሆን አንቀርም፤ ሰፈሩ ሁሉ ሲያማርር እኛ ቴሌስኮፕ ይዘን ወደ ጣሪያ እንወጣለን። በነዚህ ዓመታት ሌሊት ከከተማ ወጥቶ ማደር ቀላል ስላልሆነ፣ ወገራና ደባርቅ ቀርተውብን፣ ብዙውን የምናየው በነዚያ ሌሊቶች ነው። ኤም 55ን መብራት ባለበት ሌሊት ከጣሪያችን ካጣነው ሰነበተ። ሜሲዬ ከፓሪስ ያጣውን እኛም ከጎንደር ልናጣው ነው ማለት ነው፣ ከፍታው አርባ ስድስት ዲግሪ ሆኖ ሳለ።

መዝገባችን በዕድሩ ጽሕፈት ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከመዋጮው ደብተር አጠገብ ተቀምጧል፤ የፈለገ አባል ማየት ይችላል። እያንዳንዱ ገጽ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና የሁለቱን ተመልካቾች ወረቀት የያዘ ነው።

አንድ የቀረን አለ። 47 ቱካኔ የሚባለው፣ ከኦሜጋ ሴንታውሪ ቀጥሎ ያለው ሁለተኛው ብሩህ ክምችት፣ በኅዳር ወር በምሽት በትክክል በደቡብ፣ ከአድማሱ አምስት ዲግሪ ብቻ ከፍ ብሎ ያልፋል። እጅ ተዘርግቶ ሦስት ጣት ስፋት ቢሆን ነው። ለዚህ ዛፍም፣ ቤትም፣ ኮረብታም የማይጋርደው፣ ወደ ጣና በኩል የተከፈተ ቦታ ያስፈልጋል። ከአባላት መካከል እንዲህ ያለ ሰገነት ወይም ማሳ ያለው ካለ፣ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ድረስ ለጸሐፊው ቢነግርልን ቡሉኮውን ይዘን እንመጣለን።